የቪዛው ኢንሹራንስ የትኬት ገንዘብ አይመልስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ ሕንድ ደረሰ። ኤር ኢንዲያም በረራዎች ሰረዘ። አመዱ ሞተር ውስጥ ገብቶ ይቀልጥና ተርባይኑ ላይ ይጋገራል፤ ስለዚህ አየር መንገዶች ቢጠነቀቁ ልክ ናቸው። የእኛ ጭንቀት የተጓዡ ገንዘብ ነው።

ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ባሉ ትኬት ቢሮዎች አውሮፓ ለመግባት ለሚያስፈልገው ሸንገን ቪዛ ተብሎ የሚቆረጠው ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ኤምባሲ የሚጠይቀውን ለማሟላት ብቻ የተዘጋጀ ነው። የሚጠየቀው ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምናና ወደ አገር የመመለሻ ሽፋን ነው። ትኬት የለበትም፤ ሆቴልም የለበትም። ወረቀቱን አውጥታችሁ ሠንጠረዡን እዩት። «ትሪፕ ካንስሌሽን» (የጉዞ ስረዛ) የሚል መስመር ከሌለ፣ ወይም መስመሩ ኖሮ ከጎኑ ያለው ቦታ ሰረዝ ብቻ ከሆነ፣ ጉዞው ቢሰረዝ አንድ ሳንቲም አታገኙም። «ትራቭል ዲሌይ» የሚለው ሌላ ነው፤ እሱ በረራው ከተወሰነ ሰዓት በላይ ሲዘገይ ለምግብና ለማደሪያ የሚከፈል ነው። መስመሩ ቢኖርም የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩበትን ገጽ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የእሳተ ገሞራ አመድን በስሙ ጠርቶ የሚያስቀር ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢንሹራንሱ በሚገዛበት ቀን ላይ ነው። ኢንሹራንስ ላልታወቀ አደጋ ነው። ተራራው ሊፈነዳ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ በይፋ ከወጣ በኋላ የተገዛ ፖሊሲ ያንኑ አደጋ አይሸፍንም፤ ከዚያ በፊት የተገዛው ግን ይጸናል። ስለዚህ የስረዛ ሽፋን የሚገዛው ትኬቱ በተከፈለበት ቀን እንጂ የቪዛ ቀጠሮ ሲደርስ አይደለም። የስረዛው ሽፋን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እንደሚሠራም አረጋግጡ፤ ከጉዞው ቀን የሚጀምር ከሆነ ለስረዛ ምንም አይረባም።

ፍርሃት ብቻውንም ምክንያት አይሆንም። ተራራው ሳይፈነዳ፣ በረራው ሳይሰረዝ፣ «ልጆች ይዤ አልሄድም» ብሎ የቀረ ሰው፣ ስጋቱ እውነተኛ ቢሆንም በተለመደው ፖሊሲ አይካስም። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚሸፍነው በአሜሪካ ገበያ የተለመደው ዓይነት እንኳ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተከፈለው ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው።

አየር መንገዱ ሳይሰርዝ ቀድማችሁ አትሰርዙ። እሱ ከሰረዘ ገንዘቡን መመለስ ወይም ያለ ቅጣት ቀን መቀየር ይገባዋል፤ እናንተ ከቀደማችሁ ግን ቅጣቱ ከትኬቱ ላይ ይቆረጣል። ዝም ብሎ መቅረትም አይበጅም፤ የመጀመሪያውን በረራ ያልተሳፈረ ሰው የመመለሻው ትኬትም አብሮ ይሰረዝበታል። እስከ መነሻው ሰዓት ድረስ በቡኪንግ ቁጥራችሁ በረራውን ተከታተሉ፤ የማትሄዱ ከሆነ በረራው ከመነሣቱ በፊት አሳውቁ።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣ ማንኛውም በረራ፣ የእኛም አየር መንገድ ቢሆን፣ በኅብረቱ የተሳፋሪ ሕግ ሥር ነው። ከቦሌ ወደዚያ ሲሄዱ ግን ሕጉ የሚይዘው የኅብረቱን አየር መንገዶች ብቻ ነው። አመድ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ስለሆነ ተጨማሪ ካሳ አይከፈልም፤ ምግብና ማደሪያ ግን ግዴታ ነው። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. የአይስላንዱ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት ሲዘጋ ያለ ማደሪያ የቀረች አንዲት መንገደኛ ጉዳይ እስከ ኅብረቱ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ይህ ግዴታ በቀንም በገንዘብም ጣሪያ እንደሌለው ተወስኗል።

ከኢንሹራንሱ ካሳ ስትጠይቁ የሚጎድለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የበረራ ቁጥሩ፣ ቀኑና የተሰረዘበት ምክንያት ተጽፎበት አየር መንገዱ የሰጠው ደብዳቤ። በስልክ የመጣ አጭር መልእክት ምክንያቱን ስለማይናገር ብቻውን አይበቃም። ደብዳቤውን እዚያው ኤርፖርት ጠይቁ፤ ሆቴሉም ገንዘብ እንደማይመልስ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ለሕክምና ወደ ዴልሂ የሚሄደው በሽተኛ ነው። ቤተሰብ ያለውን ሸጦ ትኬትና ማደሪያ ይከፍላል፤ ብዙ ፖሊሲዎች ደግሞ ነባር በሽታን አይሸፍኑም። በረራው ከተሰረዘ በዚያው ቀን ሆስፒታሉ ቀጠሮውን እንዲያዛውርለት ይጻፍለት።

ትኬት ቢሮዎችን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ፖሊሲው እንግሊዝኛ ስለሆነ ደረሰኙ ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ይህ ኢንሹራንስ የጉዞ ስረዛን አይሸፍንም»።

በጉዞ ኢንሹራንስና በካሳ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎች፣ ከስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ