ጉልበቱን ከበሮ ያደረገው ሰው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እኔም እናትሽም ደብረ ማርቆስ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባሕር ዳር ላይ ልታዘጋጂው ያሰብሽውን ተውኔት፣ ‹ኤቭሪ ጉድ ቦይ ዲዘርቭስ ፌቨር›ን፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ መንግሥትን የተቃወመ ጤነኛ እስረኛና እውነተኛ በሽተኛ፣ ሁለቱም ኢቫኖቭ የሚባሉ፣ በእብዶች ሆስፒታል አንድ ክፍል ውስጥ የተዘጉበትን።

ከልምምዱ በፊት ለተዋንያንሽ ስለ ቪክቶር ፋይንበርግ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 የሶቪየት ታንኮች ቼኮዝሎቫኪያ ሲገቡ ሞስኮ ቀይ አደባባይ ለተቃውሞ ከተቀመጡት ስምንት ሰዎች አንዱ ነው። ሲይዙት የፊት ጥርሶቹን አረገፉበት። በዚያ አፉ ችሎት ፊት እንዳይቆም ‹አእምሮው ታውኳል› ብለው አምስት ዓመት ያህል በእብዶች ሆስፒታል ዘጉበት። መንግሥት ይሻሻል ብሎ መመኘት እንኳን ‹አዝጋሚ ስኪዞፍሬንያ› የሚሉት የአእምሮ በሽታ ምልክት ተብሎ የሚጻፍበት ዘመን ነበር። ቼኮዝሎቫኪያ የተወለደው ደራሲው ቶም ስቶፓርድ ፋይንበርግን አግኝቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1977 ለንደን ላይ ይህን ተውኔት ያቀረበው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ኢቫኖቭ ነው፤ በጭንቅላቱ ውስጥ ኦርኬስትራ የሚሰማው በሽተኛ። አጎትሽን አላወቅሽውም። ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ከበሮ አድርጎ ይመታ ነበር፤ በግራው ዝግ፣ በቀኙ ፈጠን እያደረገ። የሰፈር ልጆች ከበን እንስቅበት ነበር። እኔ ታናሽ ወንድሙም ስቄበታለሁ። ጠበል ሲወስዱት እጆቹን አስረዋቸው ስለነበር ጣቶቹ ገመዱን ይመቱ ነበር። አሁንም ይታየኛል።

ልጄ፣ ኢቫኖቭን የሚጫወተው ልጅ ሳቅ እንዳይፈልግበት አደራ። ግፉ ጤነኛውን ከታመመ ሰው ጋር መዝጋታቸው ብቻ አይደለም። የበሽታ ስም ቅጣት ከሆነ ለታመመውስ ምን ሐኪም ቀረለት? ሰው መሳቅ ካለበት በዶክተሩ ይሳቅ፤ ‹ኦርኬስትራ የለህም› እያለ በሽተኛውን ሲያስጨንቅ ራሱ በኦርኬስትራ ቫዮሊን ይጫወታል!

መጨረሻው ላይ አትቸኩሉ። የሆስፒታሉ አለቃ ኮሎኔሉ የአንዱን ጥያቄ ለሌላው ጠይቆ ሁለቱን ሲለቃቸው ቅኔ ቤት ትዝ አለኝ፤ ሰምና ወርቅ በአንድ ቃል እንደሚያድሩ፣ ሁለቱ ሰዎች አሌክሳንደር ኢቫኖቭ በሚል በአንድ ስም አድረዋል። ተመልካቹ ይህን የሚፈታበት ጊዜ ስጡት።

እስረኛው አባት ለልጁ በግጥም የሚናገርበትን ክፍል አማርኛው ቤት እንዲመታ ሁለት ሌሊት ሞክሬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ያልጣመሽን ቃል ለውጪው።

አባትሽ