ፎርሙን ከመፈረምህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የደብረ ማርቆስ ብርድ በርትቷል እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ስሞት በረዶ ውስጥ አስቀምጡኝ የሚል ፎርም ልትሞላ እንደሆነ በስልክ ስትነግረኝ ዝም ያልኩህ ኔትወርኩ ተቆራርጦ አልነበረም። ነርስ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሳላነብ አፌን መክፈት አልፈለግሁም። አሁን አንብቤያለሁ።

እንደገባኝ ከሆነ ነገሩ የሚጀምረው ሐኪም «ሞቷል» ካለ በኋላ ነው። ሰውነቱን ቶሎ በበረዶ ያቀዘቅዙታል። ደሙን ያወጡና በምትኩ ውሃው በረዶ ሠርቶ ሴሉን እንዳይቀድ የሚከላከል ፈሳሽ ያስገባሉ። ከዚያ ናይትሮጅን የተሞላ ታንክ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። እዚያው አሜሪካ፣ አሪዞና ስኮትስዴል ያለው አልኮር የተባለው ድርጅት ሬሳ አይላቸውም፤ «ታካሚ» ነው የሚላቸው። ዋጋው ለሙሉ ሰውነት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ፣ ለጭንቅላት ብቻ 80 ሺህ ግድም ነው። (የጭንቅላቱን ነገር ለጎረቤት አልተነፈስኩም።) የመጀመሪያው ሰው ጄምስ ቤድፎርድ በፈረንጆቹ 1967 ቀዝቅዞ ዛሬም እንደቀዘቀዘ ነው። እስካሁን አንድም የተነሣ የለም።

ቡና ላይ ለጎረቤቶቼ «አሜሪካ አንድ ሰው እንዲህ ሊያደርግ ነው» ብዬ አወራኋቸው። ስምህን አላነሣሁም። መጀመሪያ «እንደ ቅርጫ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ?» ብለው በሳቅ ሞቱ። ናይትሮጅኑ ቢጎድል ጭንቅላቱ መጨረሻ እንዲቀልጥ ሰውየውን ዘቅዝቀው እንደሚያቆሙት ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። አንዷ ሲኒዋን አስቀምጣ አማተበች። ታውቃለህ፣ እኛ ሬሳ የምናጋድመው ራሱን ወደ ምዕራብ አድርገን ነው፤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደሚመጣው ጌታ እንዲሆን። ተዘቅዝቆ የሚጠብቅ ሰው በየት በኩል ሊያይ ነው?

አንተ «ሃይማኖታችሁ ነው የማያስችላችሁ» ትላለህ። እኔ ግን አይመስለኝም። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። «ከአፈር የሚያስነሣ ጌታ ከበረዶ ማስነሣት ያቅተዋል ወይ? አውሬ የበላቸው፣ በእሳት የተቃጠሉ ሰማዕታትስ ይነሡ የለም?» አሉኝ። በየቅዳሴው የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን እያልን በረዶ ሊያስፈራን አይገባም። ሕክምናም ቢሆን ጠልተን አናውቅም፤ ግሽ ዓባይ ጸበል የሚወርደው ሰው ክኒኑን በኪሱ ይዞ ነው። በአንዳንድ የልብ ቀዶ ሕክምና ሰውን እስከ 18 ዲግሪ ግድም አቀዝቅዘው፣ የደሙን ዝውውር አቁመው፣ ጨርሰው ይመልሱታል። ነፍሱ ወጥታ ገባች ያለ ቄስ አልሰማሁም። እስከዚህ ካንተ ጋር ነኝ።

ቄሱ የተቸገሩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። «ፍትሐቱንስ ምን ብዬ ልፍታ? ቤተሰቡ አልሞተም እያለ?» አሉ። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው ልጄ።

አጎትህን አታውቀውም። ዘምቶ በዚያው ቀረ። ሞተም ዳነም የሚል ሰው ጠፍቶ እናቴ ስንት ዓመት ማዕድ ላይ ድርሻውን እያስቀረች ኖረች። ያደረውን እንጀራ ጠዋት እኛ ልጆች እንበላው ነበር፤ ሲጣፍጠን ደግሞ እናፍራለን። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ የምትነሣው እሷ ነበረች። በኋላ አብሮት የነበረ ሰው ተገኘና መርዶ ተነገረ። ሬሳ የለም። ልብሱን አውጥተን፣ ፎቶውን ይዘን አለቀስን፣ ተዝካሩን አወጣን። ከዚያ ወዲያ እናቴ እንጀራውን ማስቀረት ተወች። ወደ እህል ውሃዋም ተመለሰች።

እንግዲህ ታንክ ውስጥ ያለን ሰው አስበው። መርዶው መቼ ይነገራል? አርባው ከየት ይቆጠራል? እናንተ እዚያ ያላችሁት አበሾች ገንዘብ አዋጥታችሁ አስከሬን ወደ አገር ቤት የምትልኩት ለሬሳው ብላችሁ ነው እንዴ?

ፈረንሳይ አገር ሬይሞን ማርቲኖ የሚባል ሐኪም ነበር። ሚስቱ በ1984 ስትሞት ቤቱ ሥር ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጣት። እሱም በ2002 ሲሞት ልጁ እንደ ቃሉ አጠገቧ አደረገው። መንግሥት ይቀበሩ አለ፣ ፍርድ ቤትም ፈረደ፤ ልጁ እምቢ ብሎ ተሟገተ። በ2006 ማቀዝቀዣው ተበላሸ። ልጁ እናትና አባቱን ባንድ ጊዜ አስቃጠለ። ሰው ሁሉ ስለ ማቀዝቀዣው ሲያወራ እኔ ስለ ልጁ ነው ያሰብኩት። 22 ዓመት ሙሉ እናቱን ሳይቀብር!

መነሣቱም ቢሳካስ? የአቤሜሌክን ታሪክ ልጅ ሆነህ ሰምተሃል። ኤርምያስ በለስ አምጣ ብሎ ላከው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ፣ 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ አልደረቀም። ኢየሩሳሌም ሲገባ ግን መንገዱ የጠፋበት መሰለው፤ አንድም የሚያውቀው ሰው አጣ። ሕዝቡ ባቢሎን ወርዷል። አቤሜሌክስ እግዚአብሔር መልአክ ልኮለታል፣ ባሮክንም ኤርምያስንም መልሶ አግኝቷል። አንተን ማን ይቀበልሃል? ለማንስ «የማን ልጅ ነኝ» ትላለህ?

አትፈርም ብዬ አልከለክልህም። ትልቅ ሰው ነህ፣ ገንዘቡም የላብህ ነው። እኔ እንደ ወጉ ቀድሜህ እሄዳለሁ፤ የምትቀረው እህትህ ናት። ስለዚህ ከፈረምክ አንድ ነገር አስጽፍልኝ። ሐኪሙ «ሞቷል» ባለ ቀን ለእህትህ «ሞቷል» ብለው ይንገሯት። «ታካሚ ነው» የሚል ደብዳቤ እንዳይልኩባት። ታልቅስ፣ ድንኳን ታስተክል፣ ተዝካርህን ታውጣ። ከዚያ በኋላ ታንኩ ውስጥ ያሻህን ያህል ተቀመጥ።

የዕድሩ ጸሐፊ ባለፈው ሰሞን መዝገብ ሊያድስ መጥቶ፣ ውጭ አገር ያሉትን ልጆች እንሰርዝ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያንተን እንዳይነካ ነግሬዋለሁ። መዋጮውን እኔ እየከፈልኩ ነው፤ ስትችል ላክልኝ።

እናትህ