«ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም?» ብቻ አትጠይቁልን

ክቡር አዘጋጅ፣

የመተሐራ ልጅ ነኝ፤ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ አጠገብ ያደግሁ። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንጀራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። እናቴ ግን እዚያው መተሐራ ናት። «ነይ እኔ ጋ ተቀመጪ» ስላት «መሬት ሲንቀጠቀጥ ፎቅ ላይ ከመሆን እዚሁ መሬቱ ላይ ብሆን ይሻለኛል» ትለኛለች። በፊዚክሱም ቢሆን ትክክሏ እሷ ናት።

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ። ወዲያው የብሎኩ ሰው በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደ። ለእናቴ ስደውል ሳቀችብኝ። «ዛሬ ገና ነው እናንተ ጋ የደረሰው? እኛ ከመስቀል ጀምሮ እየጨፈርን ነው!» ከዚያ ሳቋን አቆመችና ጠየቀችኝ። «አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ እስቲ፤ ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር አሁንም የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ስለ መልሱ አይደለም፤ ስለ ጥያቄው ነው። ከእናቴ ጥያቄ ጋር አንድ ቃል ሳይለያይ ጋዜጣችሁም ሲጠይቅ አየሁ። እናቴ ብትጠይቅ ያምርባታል፤ ቤቷ ነው። ጋዜጣ ግን ከዚያ አለፍ ማለት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው ሁለት መልስ ብቻ ነው የሚቀበለው። ባለሙያው «ይፈነዳል» ካለ አገር ይሸበራል። «አይፈነዳም» ካለ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ነገሩም ይረሳል። ከፈንታሌ ሥር እየሆነ ያለው ነገር ግን በሁለቱ መሀል ነው ያለው። እነ ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሰሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች በየሚዲያው ቀርበው ይህን ለማስረዳት ሲደክሙ ሰምቻለሁ። ርዕሱ ሲወጣ ግን ማብራሪያው ተቆርጦ የሚቀረው «ሊፈነዳ ይችላል» የሚለው ብቻ ነው።

ነገሩን በአስተማሪ አፍ ላስረዳ። የተለመደው ዓይነት የመሬት መንቀጥቀጥ አውራ አለው። ትልቁ ይመጣል፤ ከዚያ ትንንሾቹ ተከታትለው እያነሱ ይሄዳሉ። የፈንታሌው እንደዚያ አይደለም። አውራ የለውም። እንደ ንብ መንጋ ተግተልትሎ ይመጣል፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ከፍ ያለ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዝም። እንዲህ ያለው መንጋ እሳተ ገሞራ አጠገብ ሲነሳ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ከሥር ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ነው።

ስምጥ ሸለቆው በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተላቀቀ ያለ መሬት ነው። ለረጅም ዘመን እየተወጠረ ይቆያል። ከዚያ ቅልጥ አለቱ በውጥረቱ መሀል ቀዳዳ ሲያገኝ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ብሎ ይገባና መሬቱን እየሰነጠቀ ወደ ጎን ይጓዛል። ልብ በሉ፣ ወደ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ጎንም ይሄዳል። ፊት ፊት እየቀደደ ሲሄድ ነው መሬቱ የሚንቀጠቀጠው። ከመስከረም እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ድረስ መንቀጥቀጡ ከፈንታሌ ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ዶፋን ወደሚባለው ሌላ እሳተ ገሞራ የሄደው ለዚህ ነው። የሳተላይት ምስሎችም መሬቱ ግራና ቀኝ መከፈቱን፣ መሀሉ መስጠሙን አሳይተዋል።

ስለዚህ «ዛሬ ስንት ጊዜ ተንቀጠቀጠ?» ከሚለው በላይ የሚጠቅመው «ወዴት እየሄደ ነው?» የሚለው ነው። ቁጥሩን ስትጽፉ አይቻለሁ። አቅጣጫውን ስትጽፉ ግን አላየሁም። ካርታ እንኳ አንድ ቀን አላወጣችሁም።

ቁጥሩንም ቢሆን እንተማመን። «በሬክተር ስኬል» የሚለውን ልማድ ትቼዋለሁ፤ ሬክተር የሚባለው መለኪያ ከሳይንቲስቶቹ እጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ግን የሬዲዮም የጋዜጣም አፍ ለምዶታልና ይሁን። የማልተወው ጥልቀቱን ነው። በየዜናው «10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ» ትላላችሁ። አንባቢ ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ የሚነሳ ይመስለዋል። የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ አቅራቢያው ላይ በቂ መሣሪያ ስለሌለ ጥልቀቱን መለየት ሲያቅተው 10 ኪሎ ሜትር ብሎ ያስቀምጣል። ስለዚህ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ «አልታወቀም» ማለት ነው። እሳተ ገሞራ አጠገብ ደግሞ ከምንም በላይ መታወቅ ያለበት ጥልቀቱ ነው፤ ቅልጥ አለቱ እየቀረበን ነው ወይስ እዚያው ነው የሚለውን የሚነግረን እሱ ነዋ!

ደግሞ ከ4.9 እስከ 6.0 ያለውን ልዩነት «ትንሽ ጨመረ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በጉልበት ሲሰላ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። የመጀመሪያው መስከረም 26 እኛን በነጠላ ጫማ ያስወረደን ነው። ሁለተኛው የካቲት 7 ማታ የመጣው ነው። በዚህ መሀል ታኅሣሥ 26 ላይም ከ5.5 በላይ የሆነ ነበር። ልብ በሉ፣ የየካቲቱ የመጣው ነገሩ በረድ ብሏል ተብሎ ሰው ትንፋሽ ከሰበሰበ በኋላ ነው። መንጋ እንዲህ ነው፤ መቼ እንዳበቃ አይናገርም።

ታኅሣሥ 25 ቀን ዶፋን ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ሲወጣ ስልኬ በመልእክት ተጥለቀለቀ። «ፈነዳ!» የማይል አልነበረም። በቪዲዮው የታየው እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ ነበር። ከሥር ያለው ሙቀት የከርሰ ምድር ውሃውን አፍልቶ ሲያስወጣው ነው። ቅልጥ አለት አልወጣም። ማግስቱን ደግሞ ሌላኛው ጽንፍ መጣ፦ «እንፋሎት ብቻ ነው፣ አትስጉ።» እንፋሎት ብቻ መሆኑ እውነት ነው። «አትስጉ» የሚለው ከየት እንደተገኘ ግን አላውቅም። ያ ከ5.5 በላይ የሆነው የመጣው እኮ በዚያው ሌሊት፣ ታኅሣሥ 26 ሊነጋ ሲል ነበር።

እንግዲህ እናቴ ለጠየቀችኝ ቅርብ የሆነ መልስ ካለ ያለፈው ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተላቀቀ። ያን ሁሉ ቅልጥ አለት ተሸክሞ ወደ ላይ የወጣው ግን በአንዲት ጠባብ ስንጥቅ ያፈተለከ አመድና ጥቂት ድንጋይ ነው። ቀኑም የደመራ ዕለት ነበር፣ መስከረም 16። የቀረው ሁሉ እዚያው ሥር ቀረ። ከዚያም እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 13 ጊዜ ሌላ ቅልጥ አለት ገባ፤ ገጸ ምድር ላይ ወጥቶ የታየው የጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። ለእናቴም እንዲህ ብያታለሁ።

«አብዛኛውን ጊዜ» ግን ቤት አይደለም፤ አይታደርበትም። ጣሊያን ፖዙዎሊ የምትባል ከተማ በፈረንጆቹ ከ1982 እስከ 1984 መሬቷ ወደ 2 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ተነሳ፤ 40,000 ያህል ሰው ከቤቱ ወጣ፤ ምንም አልፈነዳም። አይስላንድ ውስጥ ደግሞ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ግሪንዳቪክ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሥር ተመሳሳይ መንጋ ተነሳ፤ ሰዉን በአንድ ሌሊት አስወጡት፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈነዳ። ጎረቤታችን ኤርትራ ናብሮ ተራራ ሰኔ 2003 ዓ.ም. አመሻሹን ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ በዚያው ሌሊት ፈነዳ። ሰውም ሞተ። ከዚያ በፊት ናብሮ እንደፈነዳ የሚናገር መዝገብ አልነበረም፤ አጠገቡ የተተከለ መሣሪያም አልነበረም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም ያው ነው። አብዛኞቻችን ስሙን የሰማነው ያን ቀን ነው። አመዱ የመንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ደርሶ በረራ አሰረዘ። አፍዴራ ላይ የፍየሎቹ ግጦሽ አመድ ለበሰ። ግን ከአራት ወር በፊት፣ በሐምሌ፣ ከኤርታሌ ሥር የተነሳ ቅልጥ አለት ወደዚያው አቅጣጫ መጓዙን ሳተላይት አይቶ ነበር። ያን ጊዜ «ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጣ ቢኖር ኖሮ ሃይሊ ጉቢ የሚለው ስም ቢያንስ አዲስ አይሆንብንም ነበር።

ወደ ፈንታሌ ልመለስ። ልጅ ሳለን መንገዱ ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ እየዘለልን እንጫወት ነበር። ቆሞ የቀረ ባሕር ይመስላል። ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ከፈንታሌ ሥር ፈሶ የወጣ መሆኑን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በየቀኑ ምን ያህል አውቶቡስና የጭነት መኪና አጠገቡ እንደሚያልፍ አስቡት። የጅቡቲ መንገድ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ፍንዳታው ብቻ አይደለም። የከሰም ግድብ አለ። ወደ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ መንጋው የተጓዘበት መስመር አጠገብ ነው። ተራራው ሳይፈነዳ፣ አንድ ጠብታ ቅልጥ አለት ሳይወጣ፣ መንቀጥቀጡ ብቻ ለግድቡ ምን ያደርጋል? ማን መረመረው? መቼ? ምን አገኘ? ይህን ጠይቁልን። ይህ «አይታወቅም» የሚባል ጥያቄ አይደለም። በሰው እጅ የተሠራ ነገር ነው፤ በሰው እጅ ይለካል።

ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ፣ ከእኛም ፈንታሌ ወረዳ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። አብዛኛው ከብት አርቢ ነው። ከብት ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ግጦሹን ተከትሎ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ከብቱን ተከትሎ። ሲወጡ ፎቶ አነሳችኋቸው። ተመልሰው ሲገቡስ? «አሁን ግቡ» ያላቸው ማነው? በምን መረጃ? ወይስ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ ድንኳኑ ሲሰለቻቸው ነው የገቡት? እናቴ ሁለተኛው ነው ትላለች። እኔ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድም። እናንተ ግን መኪናና ጋዜጠኛ አላችሁ።

የራሴም ጉዳይ አለ፣ ትንሽ ነው። ከየካቲቱ በኋላ የኛ ብሎክ የደረጃ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አየን። እጄን አስገብቼ ለካሁት፤ ጣቴ አይገባም፣ የብዕር ክዳን ግን ይገባል። ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ጻፍን። አንድ ሰው መጣ፣ አየ፣ «ቀለም ቀቡት» ብሎ ሄደ። ቀባነው። ነጭ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በሳምንት አንዲት ትንሽ ሣጥን፣ የአየር ሁኔታውን የምታወጡበትን ያህል ቦታ ብቻ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የሚመዘግበው አለ፤ ሳተላይቱም በየጥቂት ቀኑ ያልፋል። መንቀጥቀጡ ወዴት ሄደ፣ መሬቱ ተነሳ ወይስ ሰጠመ፣ እንፋሎቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ግድቡ ታየ ወይስ አልታየም። ምንም ያልተለወጠበት ሳምንት «ምንም አልተለወጠም» ብላችሁ አውጡት። እኛ እኮ ዝምታውን ነው ማንበብ ያቃተን። ስትጽፉ እንሰጋለን፤ ስትተዉ አለፈ ብለን እንተኛለን። መሬቱ ግን በጋዜጣችሁ ዕትም አይደለም የሚሠራው።

መነሻ ቢሆናችሁ ብዬ የእናቴን ደብተር ፎቶ አያይዣለሁ። በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሰዓቱን ትጽፍና አጠገቡ ጭረት ታደርግ ነበር፤ ትንሽ ከሆነ አንድ፣ ብርጭቆ ካንኳኳ ሁለት፣ ከቤት ካስወጣት ሦስት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቱ። ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 10 ድረስ ያለው ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ላይ የወተት ሒሳብ ነው ያለው።

ከአክብሮት ጋር፣
የመተሐራ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ