የአባዬ ብዕር ቶሪኖ ሊመጣ ነው

ይድረስ ለወንድሜ፣

መጀመሪያ ይቅርታውን ልጨርስ። ለአባዬ ልቅሶ አራቴ ደውለህ አንዱንም አላነሳሁም። ስልኩ ሲጮህ አየው ነበር። ድምፅህን ከሰማሁ እንደማልችል አውቄው ነው፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ ቤቱ በሙሉ እኔን እያየ ነበር የሚጽናናው። ከዚያ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ በቆየ ቁጥር ምን ብዬ ልደውል እያልኩ ይኸው ዓመት ከስምንት ወር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ልጅ ወለድን! ሴት ናት። ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው፣ እናቷም እሷም ደህና ናቸው። ግንባሯ ቁርጥ የአባዬ ነው፣ ስትቆጣ እንደ እሱ ቅንድቧን ትሰበስባለች። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና ትነሳለች። የዳዊቱን ነገር መቼም አትረሳውም። የአራታችንም ስምና የተወለድንበት ቀን በመጨረሻው ቅጠል ላይ የተጻፈው በዚያ ብዕር ነው። የእሷም በዚያው እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። በእስክሪብቶ አላደርገውም።

ብዕሩን ከሣጥኑ አወጣሁት። ቀለም አይመጥም። የኋላውን ስታዞረው የሚስበው ነገር ውስጡ ደርቋል መሰለኝ፣ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ አልቆለታል፣ ጣለው» አለኝ። ጣለው! አባዬ በ1950 ዓ.ም. በመጀመሪያ የመምህርነት ደሞዙ ፒያሳ ሄዶ የገዛውን። አንተ እንኳን ታውቀዋለህ፣ ከኮቱ ኪስ አውጥተን ለማን ደብዳቤ እንደጻፍክበት አላነሳም፣ ምናልባት ባለቤትህ ይህን ታነበው ይሆናል።

እና ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውዬ አነበብኩት። አውሮራ 88። ሠሪው እዚያው አንተ ከተማ ነው! ቶሪኖ! ሌሊት ሌሊት ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ስለ እሱ ሳነብ ነው የከረምኩት። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1919 ያቋቋመው ኢሳያ ሌቪ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነው። አውሮራ ማለት ጎህ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ስለሆነ ስሙ ደስ ይላል። 88ን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 የነደፈው ማርቼሎ ኒዞሊ ነው፣ ያው የኦሊቬቲን ታይፕ የነደፈው ሰውዬ። ጫፉ ለምን እንደዚያ ተሸፍኖ አፍንጫው ብቻ ብቅ እንዳለ ትጠይቅ አልነበር? ያን ጊዜ የመጣ ፋሽን ነው። አየር ስለማያገኘው ቀለሙም ቶሎ አይደርቅም። የወርቁን ጫፍ እስከ ዛሬ ራሳቸው ነው የሚሠሩት፣ ከሌላ ፋብሪካ አይገዙም። ይሄ በዓለም ላይ ከጥቂቶች በቀር የቀረ ሙያ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ሚስቴን ቀሰቀስኳት።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

እንዴት ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም። ሳነብ ሳነብ ሌላ የብዕር ስም ላይ ደረስኩ። «ኤቲዮፒያ» ይላል። ያው አውሮራ ነው የሠራው፣ ጣሊያን ሲወረን፣ ለወታደሮቹ። ቀለም በጠርሙስ ይዞ መዝመት ስለማይመች ጠጣር ቀለም አብሮት ይሰጥ ነበር፣ ውሃ ውስጥ አሟሙተህ የምትጽፍበት። ብልህ ሥራ ነው። እኔ ግን ውሃው ላይ ተጣበቅኩ። ውሃውን ከየት ነበር የሚቀዱት? ከእኛው ወንዝ፣ ከእኛው ጉድጓድ አይደል? ማይጨው ላይ ከተዋጉት ወታደሮቻቸው አንዱ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ለእናቱ ደህና ነኝ ብሎ ሲጽፍ ታየኝ። አያቴ ደግሞ ማይጨው ቀረ። አባዬ የተወለደው አባቱ በሞተ በሦስተኛው ወር ነው፣ ይህን አንተም ከራሱ አፍ ሰምተኸዋል።

አባዬ ያውቅ ነበር ወይ? ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ካወቀ እንዴት የአራት ልጆቹን ስም በእሱ ጻፈ? ካላወቀ ደግሞ እኔ አሁን አውቄ እንዴት የልጄን ስም ልጽፍበት? ለእናቴ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ለሚስቴ ነገርኳት፣ «ብዕሩ ምን አጠፋ» አለች። እውነቷን ይሆናል። ግን ልቤ አላረፈም።

የሌቪ ነገር ደግሞ ይብስ ግራ ያጋባል። ሰውዬው ይሁዲ ሆኖ የተወለደ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 የጣሊያን ሴናተር እስከመሆን ደርሷል። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1938 ያው መንግሥት የይሁዲዎችን መብት የሚገፍ የዘር ሕግ አወጣ። ከዚያ በ1943 ፋብሪካው በቦምብ ወደመ፣ ከከተማው ዳር አባዲያ ዲ ስቱራ የሚባል ቦታ ሄደው እንደገና ጀመሩ። የአባዬ ብዕር የተሠራው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ከ«ኤቲዮፒያ» ጋር የሚያገናኘው ስሙ ነው እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ስሙ ቀላል ነገር ነው እንዴ እላለሁ። ለማን ላውራው? አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። አያቴንም አባዬንም በስም የምታነሳልኝ አንተ ብቻ ቀረህ።

ለማንኛውም ወስኛለሁ፣ ይጠገን። አባዬ ስልሳ ዓመት ሙሉ የጻፈበት ከሆነ የእሱ ነው። የእህቴ ባል በሚመጣው ወር ሚላኖ ይመጣል፣ ብዕሩን ለእሱ እሰጠዋለሁ፣ አንተ ባቡር ይዘህ ትቀበለዋለህ። ካልተመቸህ ንገረኝ፣ እውነቴን ነው፣ አልቀየምም። ፋብሪካው እስከ ዛሬ እዚያው አባዲያ ዲ ስቱራ ነው። አጠገቡ እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈቱት የጽሕፈት ሙዚየም አለ። የምትሄድ ከሆነ ግባና ያንን ብዕር ፈልግልኝ። ካገኘኸው ፎቶ አትላክልኝ። ቆመህ አይተህ ምን እንደተሰማህ በስልክ ንገረኝ፣ ዘንድሮ አነሳለሁ።

ሂሳቡን እኔ እልካለሁ፣ እንዳትከራከረኝ። አንድ ነገር ግን አደራ። ክዳኑ ጫፍ ላይ የጥርስ ምልክት ታያለህ፣ ፈተና ሲያርም የሚነክሰው። እናጽዳው፣ እናሳምረው ቢሉህ እምቢ በላቸው። ቀለም ብቻ ይሳብልኝ።

ወንድምህ