የልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳቶችን ማን ያሠልጥናቸው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የልጄ ረዳት ታታሪና ርኅሩኅ ነበረች፤ ሆኖም እጁን በእጇ ሸፍና ስሙን ስታጽፍለት በመክረሟ ደብተሩ በውብ ፊደላት ሲሞላ፣ እርሱ ብቻውን እርሳስ ሲይዝ የመጀመሪያዋን ፊደል እንኳ መጀመር አቃተው። ጥፋቱን በእርሷ ላይ አላሳብብም። ድጋፍን ደረጃ በደረጃ መቀነስ፣ ማለትም እጅ ከመያዝ ክንድ ወደ መንካት፣ ከዚያም ወደ ማመልከት፣ በመጨረሻም ዝም ብሎ ወደ መጠበቅ መሸጋገር (መጠበቁ ከሁሉም ይከብዳል) ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያስተማራት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 በየትምህርት እርከኑ የሚሠሩ ባለሙያዎችና ሠራተኞች እንዲሠለጥኑ ይደነግጋል። ሥልጠናው ግን በአዳራሽ ተጀምሮ በአዳራሽ የሚያልቅ ከሆነ ፋይዳው ትንሽ ነው፤ መምህሩ ረዳቷ ከልጁ ጋር ስትሠራ ተቀምጦ ሊመለከትና ያየውን በዚያው ቀን ሊነግራት ይገባል። መምህራን ራሳቸው አዋቂን የመምራት ሥልጠና ብዙም እንደማያገኙ አልዘነጋሁም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ክትትል የሚሆን ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድላቸው ላይ በግልጽ እንዲመድቡ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ተማሪ ወላጅ