ከሚዛኑ ሥር የነበረችው ብረት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጉለሌ ውስጥ ወንዝ ዳር ወፍጮ ቤት ያለኝ የ63 ዓመት ሴት ነኝ። ስሜን አታውጡት፤ ወፍጮ ቤቱን የሚያውቅ ያውቀኛል፣ እንዲያውቀኝም ነው የምጽፈው።

ባለፈው እሁድ ደብረ ዘይት ነበር። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሁድ፣ ስለ ጌታችን ዳግም ምጽአት የሚሰበክበት ቀን ነው። ሰባኪው ማቴዎስ 24ን ይዞ ስለ ፀሐይ መጨለም፣ ስለ ከዋክብት መርገፍ፣ ስለ ወዮታው በድምፅ ማጉያ አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ግን ከዚያ ሳያልፍ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብሎ ወረደ። ስንወጣ የጎረቤቴ ልጅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እትዬ፣ የእኔ ነገር እንኳ አብቅቷል፤ ከእንግዲህ መመላለሱ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ምን እንዳለባት አልጠየቅኋትም። ቃሉን ግን አውቀዋለሁ፤ እኔም 11 ዓመት በልቤ ይዤው ኖሬያለሁ።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ወፍጮውንም ሦስት ልጆችንም ለብቻዬ ያዝኩ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ጣራ ሲነካ እኔም እንደ ሌላው ተጨነቅሁ። አንድ ቀን ማታ በሩን ዘግቼ 200 ግራም የምትመዝን ብረት ከሚዛኑ ሰሃን ሥር በማስቲሽ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጤፍ የገዛ ሁሉ፣ ሦስት ኪሎም ይግዛ አሥር ኪሎ፣ ሁለት መቶ ግራም እየጎደለው ይሄድ ጀመር። አብዝቶ የሚጎዳው ጥቂት የሚገዛው ነበር። ጠላ እየሸጠች የምትኖር አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሦስት ኪሎ ሰርገኛ ትገዛለች። ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ አንድ በአንድ ስትቆጥርልኝ ላብ ያረጠበው ብር እጄ ላይ ይጣበቅ ነበር። ስትሄድ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ትለኛለች።

«አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለብልጣሶር የተጻፈበትን፣ «በሚዛን ተመዘንህ፥ ቀልለህም ተገኘህ» የሚለውን በሰማሁ ቁጥር ግን እጄ ይቀዘቅዛል። ስፈራ ብረቷን ያነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ገዛሁ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ምንጣፍ አስገባሁ፣ ጧፍ በእቅፍ ተሸክሜ ሄድኩ። 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ሚዛኑ እንዳደላለት ሲተረክ እሰማለሁ፤ እኔም አንድ የሚያደላልኝ ነገር የምገዛ መስሎኝ ነበር። የማጭበርበሪያ ሚዛኔን ሰማይ ድረስ ይዤው ልወጣ ነበር ማለት ነው። ንስሐ ግን አልገባሁም። ሥጋ ወደሙንም ሌሎች ሲቀበሉ በሩቅ ነበር የማየው።

የነፍስ አባቴ ዐርፈው ሌላ አባት ተተኩልን። በ2011 ዓ.ም.፣ ከደብረ ዘይት በፊት ባለው እሁድ፣ በመፃጉዕ፣ ቤት ሊባርኩ መጡ። ጸበል ከረጩ በኋላ ቁጭ ብለው 38 ዓመት በአልጋው ላይ ስለተኛው ሰው አጫወቱኝ። ጌታ ኃጢአቱን ከመዘርዘሩ በፊት «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ እንደጠየቀው ነገሩኝና ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ ልጄ፣ ልትድኚ ትወጃለሽ?»

ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ፤ ቆይተው «ብረቷ የት ናት?» አሉኝ። «ከሚዛኑ ሥር» አልኩ። «ሂጂ፣ አምጫት።» ቢላዋ ይዤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፋቅኳት። ዱቄቱ ከማስቲሹ ጋር ደርቆ ድንጋይ ሆኖባት ነበር፤ ጥፍሬ ተሰብሮ ደማ። በመዳፌ ይዤ ስመጣ ተቀብለው አገላብጠው አዩዋትና «ልጄ፣ ጃንጥላውን ማን ጠየቀሽ? እሱ ሲጠይቅሽ የኖረው ይህችን ነው» አሉኝ። ከዚያ መስቀላቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። እንደዚያን ዕለት ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።

ቀኖናው ስግደትና «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን መዝሙር 50ን ጠዋት ማታ መድገም ነበር። ሌላው ቀራጩ ዘኬዎስ ያደረገው ነው፤ የወሰዱትን መመለስ። ቤታቸውን የማውቃቸውን 14 ደንበኞች እየዞርኩ ነገርኳቸው፣ ጤፍም ወሰድኩላቸው። አንዲቷ በሩን ዘጋችብኝ፤ እውነቷን ነው። ለማላውቃቸው ደግሞ ለመጣው ሁሉ በየአምስት ኪሎው ግማሽ ኪሎ ምራቂ እየጨመርኩ አንድ ዓመት ሸጥኩ።

ሰባኪዎቻችንን ስለ ፍርድ አትስበኩ አልልም። የዚያችን ጠላ ሻጭ ሦስት ኪሎ የሚጠይቅ ዳኛ ባይኖር እሷን ማን ያስታውሳታል? የምለምናቸው መንገዱንም እንዲያሳዩን ነው። ሥርዓቱ መፃጉዕን ከደብረ ዘይት አስቀድሞልናል፤ ስለ ፍርዱ ከመስማታችን በፊት ስለሚያድነው እንሰማለን። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቃሉን ሰምቶ የሚያምን ከሞት ወደ ሕይወት እንደተሻገረ፣ ወደ ፍርድም እንደማይመጣ ተጽፏል። በስቅለት ቀን ስንሰግድ ውለን የምናስበው ፈያታዊ ዘየማንም፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ በእጁ ምንም ሳይኖር «አስበኝ» ብቻ ብሎ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚል መልስ አገኘ። ሰባኪው ይህንን አሥር ደቂቃ ቢጨምርበት ኖሮ ያቺ ልጅ እንደዚያ ሆና አትወጣም ነበር። ሰኞ ጠዋት ቡና ጠርቻት እኔ የደረሰብኝን ነገርኳት፤ የነፍስ አባቴን ስልክም ወሰደች።

ጠላ ሻጯን በሕይወት አላገኘኋትም። ቤቷ ስደርስ ካረፈች ዓመት አልፏታል አሉኝ። ለልጇ አንድ ኩንታል ሰርገኛ ሰጠሁ፤ ለምን እንደሆነ ስነግራት «እናቴ እንኳን አንቺን ስታመሰግን ነው የኖረችው» ብላ አለቀሰች። ይህ እስካሁን ያቃጥለኛል። ድሮ የፍርድ ቀን ሲባል የማስበው እሳቱን ነበር፤ አሁን የማስበው እሷን ነው። የክርስቶስ ምሕረት ከደረሰልኝ ያን ቀን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በዪኝ እላታለሁ።

ከ2000 እስከ 2011 ዓ.ም. ከእኔ ጤፍ ገዝታችሁ ያላገኘኋችሁ ደንበኞቼ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ ይቅር በሉኝ። የጎደለባችሁንም ኑና ውሰዱ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ሚዛኑ በሩ ላይ ነው፣ ሰሃኑን ገልብጣችሁ እዩት።

የወፍጮ ቤቷ ባለቤት
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ