ለአሮጌው የአዋሽ ባቡር ጣቢያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪዎች፣ የምድር ባቡር ጡረተኞችና ልጆቻቸው፣ በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲና በባሕር ማዶ የምትገኙ ወገኖቻችን፦

በአሮጌው ጣቢያ ግቢ ያለው የመንገደኞች መጠለያ ጣሪያ በክረምቱ መግቢያ ነፋስ ተገንጥሎ፣ ማገሩም በምስጥ ተበልቶ ስለነበር ግማሹ መደርመሱን ሰምታችኋል። የቀረውን እኛ የጣቢያው መጠለያ ኮሚቴ አባላት በባላ ደግፈን አቁመነዋል። መዋጮው ግን ቀዝቅዟል፤ ደግመን እጃችንን ስንዘረጋ እናንተም እኛም እንደደከመን አንሸሽግም።

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው ሀዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መግባቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ተሳላሚና ጅቡቲ ደርሶ የሚመለሰው ሙስሊም ነጋዴ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ባቡር ጠብቀዋል። የአዋሽን ፏፏቴ ሊያይ የመጣ እንግዳም ሊትሪና ከሚባለው የመንገደኞች ባቡር ወርዶ ወደ ፓርኩ የሚያቀናው ከዚሁ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ደስ ብሎናል፤ ሆኖም ዛሬ ፏፏቴውን የሚጎበኘው ሰው በመኪና ሽው ብሎ ስለሚያልፍ፣ መጠለያው ቆሞ የሚያሳርፈው ካልሆነ በቀር ከተማችንን ሳያውቃት ይመለሳል።

«የመጀመሪያው መዋጮ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለአጥርና ለዘበኛ ደመወዝ ውሏል፤ የእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ በኮሚቴው ጸሐፊ እጅ ስለሚገኝ የፈለገ ሁሉ መጥቶ ማየት ይችላል። ጣሪያው ይቀድም ነበር የሚሉን ወዳጆች አሉ። ነገር ግን ሀዲዱም ሆነ ከሥሩ በአግድም የተነጠፈው የብረት ትራቨርስ በቁርጥራጭ ብረት ገበያ በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ፣ ጥበቃ ሳይኖር ጣሪያ ብንሠራ ባዶ ሜዳ ላይ ቆርቆሮ ከመስቀል አያልፍም ነበር። የጣቢያው ደወልና የዕቃ መመዘኛው ሚዛን ዛሬ በቦታቸው የሚገኙት በዘበኛው ምክንያት ነው፤ በዚህ ውሳኔያችን አሁንም እንጸናለን።

አሁን የቀረን የማገሩ እንጨት፣ ቆርቆሮውና የአናጢዎቹ ዋጋ ነው። አንድ ቤተሰብ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ቢችል፣ ካልቻለም ከጎረቤቱ ጋር ተጋርቶ ቢያዋጣ ሥራው ይጀመራል። ምጽዋትም ሆነ ሰደቃ ለመንገደኛ ጥላ ሲውል ዋጋው በፈጣሪ ዘንድ እንደማይጠፋ ቄሶቻችንም ሼኮቻችንም ነግረውናል። የጡረተኞቹ እድር ድርሻውን አስቀድሞ ከፍሏል።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ሲሆን፣ ወጪ የሚደረገውም በሦስት ፈራሚዎች ፊርማ ነው። የሂሳቡ ቁጥር በደረሰኙ ራስጌ ታትሟል፤ ደረሰኝ የሌላችሁ ከእድሩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በስልክ የምትልኩም ወደዚሁ ሂሳብ ይሁን እንጂ በማንም ግለሰብ ስም አትላኩ። በድጋሚ እናሳስባለን፦ ደረሰኝ ይዞ ቤታችሁ ለሚመጣ ሰው፣ የኮሚቴው አባል ቢሆን እንኳ፣ ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። የላካችሁበትን ማረጋገጫ ለጸሐፊው አሳዩና ስማችሁን አስመዝግቡ።